የቀኝ ጆሮዬ ነገር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰሽ ስትውዪ የሚይዝሽ የጀርባ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበርሽ ብድግ ስትዪ ወገቤን እያልሽ ነው? ጋሼ ደህና ናቸው? ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ዛሬም አለ ወይስ ሁሉም ወደ ስልኩ ዞረ? ቁንጫዬስ ትምህርቷን ትከታተላለች ወይስ እንደ አባቷ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስትፈታታ ነው የምትውለው? አጎታችን አናጢው ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? ከሁሉም በፊት ደግሞ እማዬ እንዴት ናት? እህል አፏ ይገባል? ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጧት አሁንም ትጮሃለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል?

በስልክ ጠይቀኸኝ የለም እንዴ ትዪ ይሆናል። በስልክ አንቺም እውነቱን አትነግሪኝም፣ እኔም አልነግርሽም። እማዬ አጠገብሽ ተኝታ ስልኩን ታስጮኺላታለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ እላለሁ፣ እሷ ደህና ነኝ ትላለች፣ አንቺ ሁላችንም ደህና ነን ትያለሽ፣ ስልኩ ይዘጋል። ሁሉም ሰው ደህና ከሆነ እኔ ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ለምን እንደማለቅስ እንጃ። ዛሬ ሾፌሩ፣ ያ የማወራልሽ ያገራችን ልጅ፣ ጠቅልሎ ሊገባ መሆኑን ነገረኝና ወረቀት ግዛልኝ አልኩት። በእጁ ይዞልሽ ይመጣል። አፈር ስሆን ለብቻሽ አንብቢው። ለእማዬ የምታነቢላትን መጨረሻው ላይ ለይቼ ጽፌልሻለሁ።

እትዬ፣ እኔ ደህና አይደለሁም። ይኸው ተናገርኩት። የምጽፍልሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው። አትደንግጪ፣ እጄም እግሬም ሙሉ ነው፣ የተበላሸው ቀኝ ጆሮዬ ነው። አወይ ጆሮ፣ እሱ ደግሞ ምን ይሆናል እንዳትዪ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ትምህርት ቤት ነው የምሠራው ስላት እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ መምህር ሆነ ብላ አወራች፤ ደስ ስላላት እኔም አላስተባበልኩም። ምን መምህር! እኔ ጥቁር ሰሌዳው ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እንደመጣሁ የአንድ ፎቅ ቤት መስታወት እወለውል ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ በጆሮ የሚያክሙ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አለ። ጆሮን ማከም አላልኩሽም፣ በጆሮ ማከም ነው። ወገብሽን ቢያምሽ ወገብሽን አይነኩትም፤ ጆሮሽ ላይ አንዲት ቦታ ፈልገው በቀጭን መርፌ ይወጉሻል፣ ወይም የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር በፕላስተር ይለጥፉብሻል። ይርዳ አይርዳ እኔ ምስክር ልሆን አልችልም። ተሻለን ብለው የሚሄዱ አይቻለሁ፣ ሳይሻላቸው የሚመለሱም አይቻለሁ።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት መምህሯ ናት። ዕድሜዋ ከእማዬ ብዙም አይርቅም። እዚህ አገር አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ ነው የምላት፣ እስካሁንም ያሳፍረኛል። አንድ ቀን መስታወቱን ከውስጥ በኩል ስወለውል መጣችና አጠገቤ ቆመች። ወደ ግራዬ ዞረች፣ ወደ ቀኜ ዞረች። ዕቃ ጠፍቶባት የጠረጠረችኝ መስሎኝ ኪሴን ልገለብጥላት ምንም አልቀረኝም። ይቅርታ፣ ጆሮህን ባየው ቅር ይልሃል? አለችኝ። እትዬ፣ ምነው ያን ጊዜ በኖርሽ! ያ ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት፣ አንቺ ራስሽ ነፋስ ሲነሳ ይበራልና ያዙት እያልሽ ያስለቀስሽኝ ጆሮ፣ በማጉያ መነጽር ይታይ ጀመር። እያንዳንዱ እጥፋት እንዲህ ጎልቶ የወጣበት ጆሮ መጽሐፍ ላይም አላየሁም አለች። ከፕላስቲክ የተሠራ ትልቅ ጆሮ አላቸው፤ ነገር ግን ፕላስቲክ አይሞቅም፣ ተማሪ ጠንክሮ ሲጫነው ውይ አይልም። እኔ ደግሞ እሞቃለሁም ያመኛልም። በዚያው ተቀጠርኩ።

እስቲ አሁን እያነበብሽ ጆሮሽን በጣትሽ ዳብሺው። ከቀዳዳው በላይ ከውስጥ ተነስቶ ወደ ፊት ከወጣ በኋላ ዙሪያውን ታጥፎ የሚወርድ አለ አይደል? እሱ ጠርዙ ነው። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና ይገባሻል፣ እግዜር ጨርቁ እንዳይተለተል ብሎ ያጠፈው ነው የሚመስለው። ከውስጥ የሚነሳበትን ሥሩን የጆሮ እምብርት ይሉታል፤ ሌላው ቦታ ሁሉ የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስትገቢ ቦይ አለ፣ እጅና ትከሻ እዚያ ናቸው ይላሉ። ከቦዩ ቀጥሎ ጉብ ያለ ሸንተረር ታገኛለሽ፣ እሱ አከርካሪ ነው። ሸንተረሩ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ እግርና ዳሌ ባላው ላይ ናቸው። በባላው መካከል ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ አለች፤ እዚያ ውስጥ ያለችውን ነጥብ የነፍስ ደጅ ይሏታል፣ ጭንቀት ያለበት ሰው የሚወጋው እዚያ ነው። መሀል ላይ ያለው ሰፊው ጎድጓዳ የልብ፣ የሳንባና የሆድ ዕቃ ቦታ ነው። ከቀዳዳው ፊት ያለችው ትንሽ ክዳን ለአፍንጫና ለጉሮሮ፣ ከእሷ ትይዩ ያለችው ጉብታ ለራስ ምታት፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ደግሞ ለዓይንና ለጥርስ። ባጭሩ ጆሮ ላይ በእናቱ ማህፀን ውስጥ ተዘቅዝቆ የተኛ ሕፃን ተስሏል፤ ራሱ ከታች፣ እግሩ ከላይ። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ ስቄ ነበር። በኋላ ግን መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ጆሮዬን ትቼ ሕፃኑን ማየት ጀመርኩ።

እንግዲህ ሥራዬ መቀመጥ ነው። ወንበሩ እንዳይነቃነቅ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል፣ ራሴን የማሳርፍበት ትራስም አለው። ቀኝ ጆሮዬ ወደ መብራቱና ወደ ተማሪዎቹ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው። ግድግዳው ላይ ከቀለም ስንጥቅ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየመጡ በቀለም ነጥብ ነጥብ ያደርጉብኛል፣ ጫፉ በደነዘዘ ብረት ይጫኑኛል፣ መምህሯ ታርማቸዋለች፣ በጥጥ ይጠርጉኛል፣ ደግሞ እንደገና። ማዛጋት ክልክል ነው፣ መንጋጋዬ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬ ይነቃነቃላ! ማስነጠስማ አይነሳ። አንዴ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አርፋ አንድ ሙሉ ትምህርት ተሰጥቶ እስኪያልቅ ስትመላለስብኝ ዋለች፤ ያን ዕለት ያልተሳደብኩት ስድብ የለም፣ በሆዴ።

ፀሐይ እንዳያጠቁረው ኮፍያ፣ ብርድ እንዳይሰነጥቀው ቅባት ታዞልኛል። ምላጭ እንዳይነካብኝ ፀጉሬን የሚቆርጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከተማሪዎቿ አንዱ የሆነ ፀጉር አስተካካይ ነው። የማድረው እዚያው ሕንጻ ላይ ነው። ከክፍሌ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ክፍሌ፤ ኑሮዬ ይኸው ነው። ታዲያ መምህሯን ክፉ ሴት እንዳታደርጊያት። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ! ስታመም ሾርባ ሠርታ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ ጫማዬ ሲያረጅ ከእኔ በፊት የምታየው እሷ ናት። እንዲህ ያለች ሴት ፊት ቆሜ በቃኝ ልሂድ ለማለት አንደበቴ ይተሳሰርብኛል።

የመኖሪያ ፈቃዴ በእሷ ስም ነው። በዚህ አገር ደንብ አሠሪ ካልፈረመ ከአገር መውጣት የለም፤ ፓስፖርቴም በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። አንቺ እማዬ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ ብለሽ የደወልሽልኝ ዕለት ቀጥ ብዬ ወደ መምህሯ ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ምን እንዳልኳት ልንገርሽ? ብዙም የሚያጣድፍ ነገር አይደለም፣ ካልተመቸሽም ይቅር፣ ግን አገሬ ደርሼ ብመለስ ምን ይመስልሻል አልኳት። ችግር አለ እንዴ? አለችኝ። ኧረ ምንም የለም አልኩ። እንግዲያው ይህ ክፍል ይመረቅና ትሄዳለህ አለች። እሺ፣ ምንም አይደለም ብዬ አመስግኛት ወጣሁ። አመስግኛት! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በጥፊ ልመታው ፈለግሁ።

ለምን አልነገርካትም ትዪኛለሽ። እንዴት ብዬ? እማዬ ስታሳድገን ክፉ ነገር ካነሳን በአፋችሁ አትጥሩት እያለች አይደል እንዴ? እናቴ ልትሞት ነው የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ እኔው ራሴ የማሟርትባት መሰለኝ። ሌላም ነገር ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረው የሕንጻው ዘበኛ ዕረፍት በፈለገ ቁጥር አያቱን ይገድል ነበር አሉ። መምህሯ ይህን ስታወራ ሁሉም በሳቅ ሲንከተከቱ እኔም አብሬ ተንከትክቻለሁ። ታዲያ እኔ ተነስቼ እናቴ ብል፣ ደግሞ የዚህኛው ተራ ደረሰ ብትልስ? እማዬን የሰው መሳቂያ ላደርጋት ነው? ይህ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከጡት ጋር የጠባነው ነው መሰለኝ፣ እንዴት አድርጌ ልላቀቀው እንደምችል አላወቅሁም።

ያ ክፍል ተመረቀ፣ ሌላ ክፍል ገባ። አንቺ ደግሞ እህል እምቢ አለች፣ ማንኪያ ስናስጠጋላት አፏን ትገጥማለች፣ አንተን ነው የምትጠራው ብለሽ እያለቀስሽ ደወልሽ። በዚያ ጊዜ ቆረጥኩ። ሻይ አፍልቼ ይዤላት ገባሁ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ አዲሶቹ ተማሪዎች አወራን፣ ሻዩ አለቀ። ያ የነገርኩሽ ነገር እኮ አልኳት። የቱ ነገር? አለች። የመሄዴ ነገር አልኩ። አጣዳፊ ነው? ብላ ዓይኔን አየችኝ። ኧረ አይደለም አልኳት። ለቅሶሽ ከጆሮዬ ሳይወጣ አጣዳፊ አይደለም አልኩ! ፈተናው ይለፍና ትሄዳለህ፣ ያለ አንተ ፈተና የለም ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ባገኘሁሽ ቁጥር በቅርብ ነው፣ በቅርብ ነው ስልሽ የከረምኩት።

ወደ ጉዱ ልምጣ። ለፈተናው ሲለማመዱ ፀጉር አስተካካዩ የነፍስ ደጅ በሚሏት ነጥብ ላይ፣ በፕላስተር ተለጥፋ ለጥቂት ቀን የምትቆይ ትንሽ መርፌ ተከለብኝ። ልጁ እጁ ደግ ነው፣ ግን ሲበዛ ችኩል ነው። መርፌዋ ከሚገባት በላይ ጠለቀች፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አሳመምኩህ? ብሎ ደንግጦ ሲያየኝ አዘንኩለትና ምንም አይደለም አልኩት። ይህ ምንም አይደለም የሚሉት ቃል መቃብሬ ላይ ሳይጻፍ አይቀርም። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘጋ፣ መርፌዋም ጆሮዬ ላይ እንደተተከለች ቀረች።

በማግስቱ ጆሮዬ ቀልቶ እንደ ምጣድ ግሏል። መርፌዋን ራሴው ነቅዬ ጣልኳት፣ ግን ነገሩ አልቆመም። ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። መምህሯ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የምትለውን ወንበሩ ላይ ሆኜ ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። በጆሮ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት የራሱ ደም የለውም፣ የሚኖረው ከላዩ ካለው ቆዳ እየተመገበ ነው፤ አንዴ መግል ከያዘ ይሟሟል፣ ጆሮው ይጨማደዳል፣ ከዚያ ወዲያ የድሮ መልኩን አያገኝም ትላለች። ቅላት ወይም ሙቀት ካያችሁ ያንኑ ሰዓት ንገሩኝ ትላለች። ቤቷ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ደረጃውን ወርዶ ማንኳኳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እትዬ፣ እዚህ ላይ እንዳትቆጪኝ። አልወረድኩም። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው የባላው መካከል አብጦ ሸንተረሩ ጠፍቷል፣ ቦዩ ተደፍኗል፣ ጠርዙ ተነፍቷል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህ ጆሮ ከተበላሸ እኔን ምን ታደርገኛለች? አልጠቅማትም። ካልጠቀምኳት ትፈርምልኛለች። ሳልጨቀጭቃት፣ ውለታዋን ረገጠ ሳልባል፣ እማዬንም በአፌ ሳላነሳት እሄዳለሁ። መውጫው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ኮፍያዬን ጆሮዬን እስኪሸፍን ስቤ ተመልሼ ተኛሁ።

የእነዚያን ቀናት ነገር ተዪው። ትራስ ሲነካኝ ዓይኔ ይጨልማል፣ ስለዚህ በግራ ጎኔ ብቻ ተኛሁ። ትኩሳቱ መጣ፣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። መምህሯ ደረጃ ላይ አግኝታኝ ምነው ፊትህ ቀላ ስትለኝ ብርድ መትቶኝ ነው አልኳት። አንቺም ደውለሽ ድምፅህ ምን ሆነ ስትዪኝ ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽኝ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አብዶ ነበር በይኝ ከፈለግሽ፤ ሕመሙ ሲብስብኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሆዴ እማዬ ይኸው እየመጣሁ ነው እላለሁ።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ኮፍያዬን አወለቅሁ። ከፊት የነበረችው ተማሪ አፏን በእጇ ያዘች። መምህሯ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ልትነካኝ ዘርግታ እጇን መለሰችው። እኔ አሁን ትላለች፣ አሁን በቃ ሂድ ትለኛለች እያልኩ እጠብቃለሁ። ፀጉር አስተካካዩን ሮጠህ መኪና ጥራ አለችው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች፣ የደነገጡትን ልታረጋጋ ብላ ነው። አይዟችሁ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ይታከማል፣ ሲሻለው ወንበሩን ፈተን እናዞረዋለን፣ ግራው ደህና ነው አለች።

ግራው! እትዬ፣ እኔ ልሙት ስልሽ፣ ግራ ጆሮ እንዳለኝ ረስቼው ነበር። ያን ሁሉ ስቃይ ስሰቃይ አንድ ጆሮ ብቻ ያለኝ ሰው ሆኜ ነው ያሰብኩት። ሁልጊዜ የሚያዩት ቀኜን ስለሆነ እኔም ራሴን በእነሱ ዓይን ማየት ለምጄ ግራውን ከመቁጠር ተውኩት። አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እስቅበት ይሆናል። ያን ዕለት ግን ወንበሩ ሲፈታ፣ ሲዞር፣ ሌላ ግድግዳ ፊቴ ላይ ሲቆም ታየኝ። ከወንበሩ ተነሳሁ። እናቴ እየሞተች ነው ብዬ ጮህኩ። በእነሱ ቋንቋ ጀምሬ በእኛ ቋንቋ ነው መሰለኝ የጨረስኩት። ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች፣ እህል አትቀምስም፣ እኔን ነው የምትጠብቀው፣ ልቀቂኝ፣ ግራውንም ከፈለግሽ ቆርጠሽ አስቀሪው፣ እኔን ብቻ ልቀቂኝ አልኳት።

መምህሯ የተማሪ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። መቼ ነው የወደቀችው? ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ታዲያ ያኔ ሻይ ይዘህልኝ ስትመጣ አጣዳፊ ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ አልነበረም? አለች። ነበረ አልኩ። አይደለም አላልከኝም? አለች። ብዬሻለሁ አልኩ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ በወደድኩ። ለእናትህ መሆኑን ባውቅ እኮ ያንኑ ቀን እፈርምልህ ነበር፣ ምን ነካህ? አለችኝ። ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ፓስፖርቴን አወጣች፣ የመውጫውን ወረቀት ሞልታ ፈረመችበት፣ ማኅተም መታችበት፣ በእጄ ሰጠችኝ። መኪናው ታች ሳይደርስ ሁሉም ኪሴ ገባ።

ሆስፒታል ስደርስ ልቤ አውሮፕላን ላይ ነበር። ቅባት ቀብተው፣ ክኒን ሰጥተው የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ። ሐኪሙ አየው፣ ከጆሮዬ ኋላ ያለውን አጥንት ዳሰሰው፣ አንገቴን ዳሰሰው፤ ዛሬ ትተኛለህ አለኝ። ቀደዱት። መግሉን አወጡት፣ የሟሟውን አጥንት ጠረጉት። ባላው የለም፣ ሦስት ማዕዘኗ የለችም፣ የቀረው ጠርዝ ሲደርቅ ይኮማተራል ብለውኛል። አሁን በደም ሥሬ መድኃኒት እየተንጠባጠበልኝ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

በራሴ ኃላፊነት ልውጣ፣ እፈርምልሃለሁ ብዬ ሐኪሙን ለምኜዋለሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳኝ። የምንታገለው ወደ ደምህ እንዳይገባ ነው፣ ይህን መድኃኒት አቋርጠህ ከሄድክ እናትህ ዘንድ በሕይወት ላትደርስ ትችላለህ አለኝ። መቼ ትለቀኛለህ ስለው ትኩሳትህ ሲወርድ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ስትለካኝ ከአፏ ሳይወጣ ከፊቷ አነበዋለሁ። ዛሬም አልወረደም። ፓስፖርቴና የተፈረመው ወረቀት ራስጌዬ ባለው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ እየከፈትኩ አያቸዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ መልሼ እከፍተዋለሁ። የክፍሉ በር ክፍት ነው፣ ዘበኛም የለበትም። የሚይዘኝ ሰው ጠፍቶ በገዛ ጆሮዬ ታስሬ ቀረሁልሽ። ከወራት በፊት አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ዛሬ እማዬን የማጎርሳት እኔ ነበርኩ።

መምህሯ በየቀኑ ትመጣለች። ድሮ ስታየኝ ወደ ጎኔ ነበር፤ አሁን ከፊቴ ተቀምጣ ፊቴን ታያለች፣ እኔም እሷን ገና አሁን ነው በደንብ ያየኋት። ትናንት የእናትህ ስም ማን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ልትጠራው ሞክራ ምላሷ እምቢ አላት፣ ደግማ ሞከረች፣ ባሰባት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ፀጉር አስተካካዩም መጥቶ እጄን ይዞ አለቀሰ። እንደ ልማዴ ላጽናናው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በጣም ነው ያመመኝ፣ አሁንም ያመኛል አልኩት። ከዚህ በፊት ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም።

አሁን ተራው የአንቺ ነው፣ እትዬ። ይህን እንዳነበብሽ ከእማዬ ክፍል ወጥተሽ፣ ስልኩን ሳታስጮኺ ደውዪልኝና እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ናት አትበዪኝ። ትናገራለች? ሰው ትለያለች? ሐኪሙ ምን አለ? ለእኔ ብለሽ የደበቅሽው ነገር ካለ አውጪው። እኔም ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

ለጋሼ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እማዬን አቅፈው የሚያነሱና የሚያስተኙ እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የእኔን ድርሻ ነው የተሸከሙልኝ፣ ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ቁንጫዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ስመጣ አይታኝ እንዳትደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ መሳቅ ከፈለገች ግን አትከልክያት። አጎታችን ለእማዬ አልጋዋን ዝቅ አድርገው እንደሠሩላት ሰምቻለሁ፣ እጃቸው ይባረክ፣ ሳላቸውን ይታከሙ በያቸው። ለጎረቤታችን ለነርሷም ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ ሳትጠራ እየመጣች እማዬን ከመተኛት ብዛት የወጣባትን ቁስል የምትጠርግላት እሷ ናት አሉ።

ይህንን ደግሞ ለእማዬ ቃል ሳትቀንሺ አንብቢላት።

እማዬ፣ በቅርብ እመጣለሁ እያልኩ ስዋሽሽ ከረምኩ። አሁን ወረቀቴ ተፈርሟል። ትንሽ ታምሜ ተኝቻለሁ፣ እንደተሻለኝ ቀጥ ብዬ ወደ አንቺ ነው የምመጣው። አስቸግሬሽ አላውቅም፣ ዛሬ ግን አስቸግርሻለሁ። እትዬ ማንኪያውን ስታስጠጋልሽ አፍሽን ክፈቺላት። ስለ እኔ ብለሽ ዋጪው። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። እስክመጣ ድረስ እንዳትሞቺብኝ።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
የካቲት ፮ ቀን